መስከረምን ያገኘንበት ዓመት

36 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መስከረም ለእኔ የምዝገባና የጠመኔ ወር ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ በዓል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ተረኛ ትሆናለች። መስቀል ሲቃረብ እናቷ ከጉራጌ አገር፣ ከእምድብር በኩል ሰው ይልካሉ፦ «ዘንድሮስ ትመጣላችሁ?» እኛም «ለገና ይሁን» እንላለን። ገና ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር አይጠፋም። እንዲህ እያልን ልጆቹ አደጉ፣ እኛም ሸበትን።

አምና እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ በሐምሌ እሷም ተከተለችኝ። ጳጉሜን ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ «አሁን ማን ይከለክለናል?» አለችኝ። እውነትም የሚከለክለን አልነበረም። ዕቃችንን በአንድ ሻንጣ ሸክፈን፣ ለአማቴ ነጠላና ቡና ይዘን፣ ከመስቀል ቀደም ብለን በአየር ጤና በኩል ወጣን።

አለም ገናን አልፈን ወደ ቱሉ ቦሎ ስንቃረብ የበቾ ሜዳ ተዘረጋ። ጤፉ አረንጓዴ ነው፣ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ይዞታል። አንድ ቦታ ላይ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፣ ከኋላው አንድ ልጅ ከቁና እየዘገነ ዘር ይበትናል። ሽምብራ ነው። በዚያ አገር ያለው መረሬ አፈር ክረምቱን ሙሉ ውሃ ቋጥሮ ስለሚያቆይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰብሉ የሚያድገው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቀው። ሲዘራ ግን አይቼ አላውቅም ነበር፣ ምክንያቱም ሲዘራ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፣ ቦታ ቀይራ መስኮቱን ለቀቀችልኝ።

ወሊሶ ልንገባ ስንል ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ዳር ቆየን፤ በአቅራቢያው ካለ ቤት አንዲት ሴት ዱካ ይዛ መጥታ ባለቤቴን «እትዬ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉ» አለቻት። አንዱ ተሳፋሪ ቆሎ አወጣ፣ እፍኝ እፍኝ ተካፈልን። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ እኛ ግን የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በጉብሬ አድርገን፣ በእንሰቱ መሃል፣ ወደ እምድብር።

አማቴ 84 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል። በር ላይ ቆመው ልጃቸውን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ነጠላዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ፀጉሯን በእጃቸው ዳሰሱት። ሽበቱን እንዴት እንዳወቁት አላውቅም፤ ብቻ በጣታቸው ግንባሯ ላይ ያለውን ፀጉር ለይተው ያዙና «ልጄ፣ አንቺም?» አሉ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ሻንጣውን ይዤ እዚያው ቆምኩ።

መስቀልን በጉራጌ አገር ያላየ ሰው መስቀልን አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል፤ ይህን የምለው እኔ የሸዋ ልጅ፣ ደመራን አደባባይ ላይ እያየሁ ያደግሁት ነኝ። እዚያ በዓሉ የአንድ ቀን አይደለም። ቤቱ ይታደሳል፣ ይለቀለቃል፣ ዕቃው ሁሉ ይታጠባል። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከየትም የሄደው ልጅ ይመለሳል። ሴቶቹ ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ በውጆ ያጠራቅማሉ፤ ውጆ ማለት የቅቤ ዕቁብ ነው፣ በገንዘብ ፈንታ ቅቤ ይጣላል። ወንዶቹ ደግሞ ለበሬው መግዣ በየወሩ ያዋጣሉ። እኔ ለዓመታት «ዕቅድ» የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ነበር የማስተምረው።

በደንጌሳት፣ ማለትም በበዓሉ መግቢያ ምሽት፣ የጎመን ክትፎ በላን። ጎመኑ ከተከተፈ በኋላ ከአይብና ከቅቤ ጋር የሚዋሃድ ነው። ሥጋው የመጣው ከበሬው መታረድ በኋላ ነው። የባለቤቴ ወንድም ሚስት ግንድ ጣውላ ፊቷ አድርጋ ትከትፋለች፤ ጅማቱን አንድ በአንድ እየመዘዘች ትጥላለች፣ ቢላዋው ሲወርድና ሲነሣ እኩል ድምፅ አለው፣ አትቸኩልም። ቅቤው በኮረሪማ ነጥሮ ለብ ብሎ ይጠብቃል። ሚጥሚጣውን በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ትንሽ ጨመረች። በኮባ ላይ የተጋገረው ቆጮ ትኩስ እንዳለ ተቆርሶ መጣ። ክትፎውን በጣባ ሰጡን። አዲስ አበባ ውስጥ በየምግብ ቤቱ ክትፎ በልቻለሁ፣ ጥሩም ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው፤ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ ምግብ አፍ ውስጥ ይታወቃል።

ማታ ማታ ጀፎረ ላይ በእግር እንሄድ ነበር። ጀፎረ ማለት የመንደሩ ትልቅ መንገድ ነው፣ መንገድ ሲባል ግን አስፋልት እንዳይመስላችሁ፤ ሰፊ፣ ረጅም የሣር ሜዳ ነው፣ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አዙረው ይደረደራሉ። ለቅሶውም ሠርጉም እዚያ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ከብት ያልፍበታል። አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው በአገር ሽማግሌ ይጠየቃል፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ሳይጠብ የቆየው። ከተሞቻችንን የሚያቅዱ ሰዎች እዚህ መጥተው አንድ ሳምንት ቢቀመጡ እላለሁ፣ ከልቤ ነው። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ሄደች። ከዚያ ቤት ያደገችው አብሮ አደጓ፣ ከዚህ ቤት ያገባችው የአክስቷ ልጅ፣ ሁሉንም እያሳየችኝ፣ በየደጁ እየቆምን፣ የአሥር ደቂቃውን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረስነው።

የደመራው ቀን ሽማግሎቹ መረቁ፣ እሳቱ ተለኮሰ። አማቴ በጉራግኛ ረጅም ምርቃት አወረዱብን። ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም፣ «አሜን» ያልኩት ግን ከልቤ ነው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ጽጌ ገባ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾም የፈቃድ ነው፣ ባለቤቴ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አታስቀረውም። እኔ ደግሞ ብርድ ሲመጣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው ባሳደጉን ቤት ነው የመጣሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለየብቻ እንበላ ነበር፤ ዘንድሮ አብሬያት ጾምኩ። ሽሮውን በአዲስ በሶብላ ስታዘጋጀው፣ ከተልባ ፍትፍት ጋር፣ ምንም የጎደለብኝ አልመሰለኝም። ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ለመስማት ነጠላችንን ደርበን እንወጣለን። ካህናቱ አበባንና እመቤታችንን አንድ አድርገው ሲያዜሙ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ ብርዱ ይረሳል።

ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግር እንወጣለን። አየሩ ጥርት ያለ ነው፣ ከተማዋ ከታች በጭጋግ ውስጥ ናት። ቁልቁል የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ያጋጥሙናል፤ እኛ ለጤና የምንወጣውን ዳገት እነሱ ለእንጀራ ይመላለሱበታል። መንገድ እንለቅላቸዋለን፣ እንደምን አደራችሁ እንላቸዋለን። እንጦጦ ማርያም ደርሰን ተሳልመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው በነገሡበት ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ። ጉልበቷ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራት ነበር፣ አሁን ግን ዳገቱን ሳትቆም ግማሽ ድረስ ትወጣለች።

በጥቅምት አጋማሽ ሐዋሳ፣ ልጃችን ዘንድ። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል። የአምስት ዓመቱን የልጅ ልጃችንን ይዘን በየጠዋቱ ፍቅር ሐይቅ ዳር እንሄዳለን፣ ከዚያ አሞራ ገደል። ጀልባዎቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዘው ሲገቡ ልጆች እጃቸው ላይ ቅርፊት እያበራ ይገፋሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ አጥማጆቹ ጀርባ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ልጁ ትንሽ አያቸውና «አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ኮት ለበሱ?» አለኝ። እውነትም ኮት የለበሱ ሽማግሎች ይመስላሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስንገባ «ኮት የለበሱት ደህና ናቸው» ብሎ ለእናቱ ሪፖርት ያደርጋል። ዓሣው አማረኝ፣ አልዋሽም። ግን ጾሜን ጀምሬዋለሁ፣ ጨረስኩት።

የኅዳር ሚካኤል ቀን አዲስ አበባ ነበርን። በየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ እስከ ማታ አልለቀቀም፤ በ1911 ዓ.ም. ስንቱን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ አያቴ ስትናገር የሰማሁት ትዝ አለኝ። በዚያ ቀን አልወጣንም። ቤት ተቀምጠን ፎቶ ለየልጆቹ ላክን፣ አማቴ ጋ ደወልን። «ለመስቀል መቼ ትመጣላችሁ?» አሉ። ገና አሥር ወር ይቀራል፣ እሳቸው ግን ከአሁኑ ጀምረዋል።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከጽዮን በኋላ፣ ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ክንዷ ስር እስር ሽምብራ ይዛለች። እሸቱ ከነግንዱ፣ ሥሩ ላይ ጥቁር አፈር እንደተጣበቀ። ሻጯን ጠይቃታለች፤ ከቱሉ ቦሎ በኩል የመጣ ነው። በረንዳ ላይ ሣህን መሃላችን አድርገን ተቀመጥን። እሷ ትፈለፍላለች፣ እኔ አፈሩን በጣቴ ፈረፈርኩት። መረሬ ነው።

«ብላ እንጂ» አለችኝ፣ «እንዳይደርቅ።»