ጡት አሠርታችሁ ስትወጡ ስቲከሩን ተቀበሉ

ጡቴን በኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ በሚገባ የሲሊኮን ከረጢት፣ ያሠራሁት አዲስ አበባ፣ ያገገምኩት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያልጠየቅኩት ሰው የለም፤ ሁሉም ያወራኝ ስለ መጠን፣ ስለ ቅርጽና ስለ ዋጋ ነው። የኢምፕላንቱ ማንነት ስለታተመባት አንዲት ቁራጭ ስቲከር ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። እሷን ነው ልነግራችሁ የመጣሁት።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ብዙ አይወራለትም። ማደንዘዣ ተሰጠኝ፤ ስነቃ ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፤ አመሻሽ ላይ "ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ" ተባልኩ። በዚያው ቀን መውጣት የተለመደ ነው። ሆኖም እነሱ "ቤትሽ" ሲሉ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቤት በሐሳባቸው የመጣ አይመስለኝም። ከክፍለ ሀገር የምትመጡ፣ ክሊኒኩ ሂጂ ቢልም ቢያንስ አንድ ሳምንት እዚያው ዘመድ ቤት ሰንብቱ። ደም የሚቋጠር ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቋጠረው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው።

የቤቱ ማገገም ለክፉ አይሰጥም። የሚተኛው በጀርባ፣ ከወገብ በላይ ቀና ብሎ ነው፤ ትራስ ሲያንሰኝ ብርድ ልብስ እያጣጠፍኩ ደገፍኩ። በራስ የሚጠለቅ ሹራብ አይታሰብም፣ ክንድ ወደ ላይ አይነሳማ። እኔን ያዳነኝ የአያቴ በርኖስ ነው፤ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል፣ ከፊት ክፍት ነው፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ይችልበታል። ጄሪካን ማንሳትና ሊጥ ማቡካት ለስድስት ሳምንት ያህል የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ። እናቴ ቁስሌን ለጋ ቅቤ ልትቀባኝ ተነሥታ ነበር። "እማዬ፣ ገንፎው ላይ አድርጊልኝ" ብያት ተስማማን። ለጎረቤት "እጢ ወጥቶላት ነው" ብላ አውርታ ስለነበር ጠያቂው ጎረፈ። ጠያቂ ደግሞ አቅፎ፣ ትከሻ ገጭቶ፣ ደጋግሞ ካልሳመ የጠየቀ አይመስለውም። አልጋ ላይ ሆናችሁ እጅ ብቻ ዘርጉ፤ ኩራተኛ ቢሏችሁም ይበሏችሁ።

አንድ ምሽት ግራ ጡቴ ተወጠረ። ሁለቱም እኩል ማመማቸው ያለ ነው፤ አንደኛው ብቻ በሰዓታት ውስጥ አብጦ ሲጠነክር ግን ማደር የለም። ስገልጠው ከሥሩ እስከ ጎድን አጥንቴ ድረስ ወይን ጠጅ መስሏል። ወንድሜ ሆስፒታል ወሰደኝ። ተረኛው ዶክተር ገና ወጣት ነው፣ ግን ረጋ ያለ። አልትራሳውንድ አድርጎ ደም መቋጠሩን ነገረኝና ጥያቄውን ቀጠለ፤ ኢምፕላንቱ የማን ሥሪት ነው? ስንት ሲሲ? ላዩ ልሙጥ ነው ሻካራ? ከጡንቻ በላይ ነው ከሥር? "ሳላውቅ መርፌ ብሰድ ኢምፕላንቱን ልወጋው እችላለሁ" አለኝ።

በእጄ ያለው የክፍያ ደረሰኝና አንድ የመመሪያ ወረቀት ብቻ ነው። መመሪያው "ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ጡትሽን በእጅሽ እሺው" ይላል። ዶክተሩ አንብቦት ሳቀ። ሻካራው ከሥጋ ጋር እንዲያያዝ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ አይታሽም፤ አንዳንድ ሐኪሞች እንዲታሽ የሚመክሩት ልሙጡን ነው። ያ ወረቀት ግን ለገባ ለወጣው ሁሉ አንድ ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ነው።

ክሊኒኩ ጋ ደወልን። "የኔ እህት፣ መረጃ በስልክ አንሰጥም፤ ደረሰኙን ይዘሽ በአካል ነይ።" ዶክተሩ ስልኩን ተቀብሎ ማንነቱን ተናገረ። "ከሆስፒታልዎ ደብዳቤ ይጻፉልን" አሉት። የታካሚ ሚስጥር መጠበቁ ይገባኛል። ግን ታካሚዋ እኔ ነኝ፣ አጠገቡ ተቀምጬ "ንገሩት!" እያልኩ ነው። ከራሴ ገላ ላይ ከእኔ የሚደበቅ ምን አለ? ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጎህ ሲቀድ በኮንትራት መኪና ወደ ክሊኒኩ ተነሣን። ከጫጫ እስከ ለገጣፎ ያልተሰማኝ ጉድጓድ የለም፤ በቀበቶውና በደረቴ መካከል ትንሽ ትራስ ባላደርግ ኖሮ እንጃ። ሐኪሙ ወዲያው አስገብቶ ደሙን አጸዳልኝ፣ እጁን አልነቅፍም። ፋይሌ ሲከፈት ግን ስቲከሮቹ እዚያው ናቸው፤ ነጭ፣ ባር ኮድ ያለባቸው፣ ስም፣ መጠንና ሴሪያል ቁጥር የታተመባቸው። ከኢምፕላንቱ ካርቶን ጋር የሚመጡት አንዱ ፋይል ላይ እንዲለጠፍ፣ አንዱ ለታካሚ እንዲሰጥ ነው። የእኔው በወረቀት መያዣ እንደተያዘ ተቀምጧል። "ይሄ እኮ ያንቺ ነው" አለችኝ ያቺው የስልኳ ልጅ፣ ረስቼው የሄድኩ ይመስል።

ነገሩ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. አለርጋን የተባለው አምራች ባዮሴል የሚባሉትን ሻካራ ኢምፕላንቶች ከዓለም ገበያ ሰብስቧል፤ እምብዛም ከማያጋጥም ሊምፎማ ከሚባል የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ጋር ስለተያያዙ፣ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ጠይቆት ነው። ስቲከር የሌላት ሴት የእሷ ከእነዚያ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለች? ሲሊኮን ደግሞ የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም። ኤፍዲኤ ምልክት ባይኖርም ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲታይ ይመክራል። የጡት ራጅ ስትነሡም ኢምፕላንት እንዳለባችሁ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሴሪያል ቁጥሩ አሁን በእኔም በእህቴም ስልክ ውስጥ አለ። ጡቱን ወድጄዋለሁ። ክሊኒኩ ግን የሁለተኛውን ማደንዘዣ ሂሳብ ክፈይ ብሎኝ ገና እየተሟገትን ነው።