ሙዚቃው ምን ማለት ነው?

ልጆችን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ለማስተዋወቅ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በተረት ይጀምራል፤ ይህ ተኩላው ነው፣ ይህ ደግሞ ማዕበሉ ነው ይላቸዋል። አሜሪካዊው የኦርኬስትራ መሪ ሌናርድ በርንስታይን ግን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በካርኔጊ አዳራሽ የመጀመሪያውን የወጣቶች ኮንሰርት ሲመራ ይህንኑ ልማድ ሞግቷል። በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የተላለፈው ዝግጅት ርዕሱ «ሙዚቃ ምን ማለት ነው?» የሚል ነበር።

በርንስታይን በሮሲኒ «ዊልያም ቴል» መክፈቻ ሙዚቃ ጀመረ። ልጆቹ ዜማውን ከቴሌቪዥን የካውቦይ ድራማ ያውቁት ስለነበር ስለ ፈረሰኛው ጀግና የተደረሰ መሰላቸው፤ እሱ ግን ሙዚቃው ስለ ኖታዎች እንጂ ስለ ሌላ ነገር አለመሆኑን ነገራቸው። ቀጥሎ ያደረገው ይበልጥ ተንኮል ያለበት ነው። ሱፐርማን ወዳጁን ከእስር ቤት ሲያስፈታ የሚያሳይ ታሪክ ፈጥሮ ከሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ኪሆቴ» ጋር አዛመደላቸው፤ ታሪኩም ከሙዚቃው ጋር ልክክ አለ። ከዚያም እውነተኛውን፣ በበጎች መንጋ ላይ የዘመተውን የዶን ኪሆቴን ታሪክ ነግሮ ያንኑ ሙዚቃ መልሶ አሰማቸው። ነፊዎቹ ድምፃቸው በታፈነ የነሐስ መሣሪያዎች ውስጥ ምላሳቸውን እያርገበገቡ የሚያወጡት ድምፅ በመጀመሪያው ታሪክ የእስረኞች ማንኮራፋት ነበር፤ በሁለተኛው ግን የበጎች ጩኸት ሆነ። ከኖታው አንዲት ነጥብ እንኳ አልተለወጠችም።

ዘፈንን በግጥሙ መመዘን ለለመድነው ለእኛ «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ሆኖም በማሲንቆ ብቻ የተጫወተ ትዝታ ሆድ ሲያባባን የግጥም ያለህ አንልም።

እኔ ለልጆች ብመርጥ የማስቀድመው የቤትሆቨንን 6ኛ ሲምፎኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 በቪየና ለሕዝብ የቀረበው ይህ ሥራ ስለ ገጠር ሕይወት ቢሆንም፣ ደራሲው ራሱ ከሥዕል ይልቅ የስሜት መግለጫ መሆኑን ጽፎበታል። በመጀመሪያው ክፍል አንዲት አጭር ሐረግ ሳትለወጥ ስትደጋገም ድምፁ ቀስ በቀስ ይጎላል፣ መልሶም ይቀንሳል። ልጆቹን እዚህ ላይ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ፣ መደጋገሙም አሰልችቷቸው ወይም አስደስቷቸው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በሁለተኛው ክፍል ማብቂያ ፍሉት፣ ኦቦና ክላሪኔት የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች የሦስት ወፎችን ድምፅ ያስመስላሉ፤ ይህን ግን አስቀድሜ አልነግራቸውም፣ ምክንያቱም ወፍ እንዳለ የተነገረው ልጅ ወፏን ብቻ ሲጠብቅ ከዚያ በፊት ያለው ሙዚቃ ሁሉ ያመልጠዋል።