ከቴምፕሌቱ በፊት መውጫውን

ኮድ መጻፍ አልችልም። ቢሆንም ለአንድ የበጎ ፈቃድ የማስጠናት ፕሮጀክት ዌብሳይቱን እኔ እሠራለሁ አልኩ። የሚፈለገው ብዙ አልነበረም፦ የአስጠኚዎች ዝርዝር፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር የጊዜ ሰሌዳና የምዝገባ ፎርም።

መጀመሪያ ያለ ኮድ ዌብሳይት የሚያሠራ አገልግሎት የመረጥኩት በዓይኔ ነው። ቴምፕሌቱ (ዝግጁ ንድፉ) ልብ ይሰርቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለምና ፎቶ ሳስተካክል ከረምኩ፤ የመነሻ ገጹም አማረ። ወደ አስጠኚዎቹ ስገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። 40 ሰው ናቸው፤ የእያንዳንዱን ገጽ በእጅ መሥራት ነበረብኝ። አንዱ ሰዓቱን ሲቀይር ሦስት ቦታ ገብቼ አርማለሁ። ለካ የሚያስፈልገኝ መረጃው አንድ ቦታ ተቀምጦ ገጾቹ ከዚያ የሚወስዱበት ሲኤምኤስ (የይዘት ማስተዳደሪያ) ኖሯል።

ልውጣ ስል ሌላ ጣጣ መጣ። ኤክስፖርት የሚባል ነገር፣ ማለትም ይዘቱን በፋይል ማውጫ፣ የለውም። ጽሑፉን ገጽ በገጽ ኮፒ አድርጌ፣ ፎቶውን አንድ በአንድ አውርጄ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ዶሜይኑንም (የዌብሳይቱን የኢንተርኔት ስም) የገዛሁት እዚያው ነው። ከተመዘገበ 60 ቀን ስላልሞላው ወደ ሌላ መዝጋቢ ማዛወር አልቻልኩም። ደግነቱ ዲኤንኤሱን (ስሙ የትኛውን ዌብሳይት እንደሚከፍት የሚወስነውን ቅንብር) ቀይሮ ስሙን ወደ አዲሱ ዌብሳይት መጠቆም ይቻላል። ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ተጨንቄያለሁ። አሁን ዶሜይን ስገዛ ከዌብሳይት መሥሪያው ለይቼ ነው።

በሁለተኛው ዙር ከከባዱ ገጽ ጀመርኩ። የአምስት አስጠኚዎች መረጃና አንድ ፎርም ይዤ እያንዳንዱን አማራጭ በነጻ ሞከርኩት። ቀለምና ሎጎ አልነካሁም። ካርድ (Carrd) የተባለው መሥሪያ ለአንድ ገጽ ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን ጠበበን። ዌብፍሎው ሲኤምኤሱ ያረካል፤ በሚከፈልበት ፕላን ኮዱንም ማውጣት ይቻላል። ሆኖም የወጣው ኮድ ላይ ፎርሙ አይሠራም፤ የሲኤምኤሱም ይዘት በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ ፋይል) ለብቻው ነው የሚወጣው። ስኩዌርስፔስ የይዘቱን የተወሰነ ክፍል ሌላው የዌብሳይት መሥሪያ ዎርድፕረስ በሚያነበው ፋይል ያወጣል። ብዙዎቹ «ኤክስፖርት አለ» ይላሉ፤ ምን እንደሚወጣ ግን ዝርዝሩን አንብቡ።

የወሰነልኝ ሌላ ፈተና ነው። ዌብሳይቱን ወደፊት የምትይዘው የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስልኳን ይዛ፣ እኔ አንድም ቃል ሳልናገር፣ የአንድ አስጠኚ ሰዓት እንድትቀይር ጠየቅኳት። በአንዱ መሥሪያ ላይ ገና ቁልፉን ስትፈልግ ተስፋ ቆረጠች። በዎርድፕረስ ላይ ትንሽ ተንገዳገደች፤ ግን ጨረሰችው። እኔ ብቻ የምችለው ዌብሳይት ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ዎርድፕረስን ያዝን። በዚህ ስም ሁለት ነገር እንዳለ ልብ በሉ፤ ዶት ኮሙ (WordPress.com) ሆስቲንጉን፣ ማለትም ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ሰርቨር፣ ራሱ የሚያቀርብ አገልግሎት ነው፣ ከዶት ኦርግ (WordPress.org) የሚወርደው ደግሞ የትም ሆስቲንግ ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር። እኛ ሁለተኛውን ወሰድን። አፕዴቱም ባክአፑም በራሳችን ጫንቃ ላይ ነው፤ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ሆስቲንጉን ስንገዛም የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ አላማለለኝም፤ ሲታደስ ስንት እንደሚሆን ነው ያየሁት።

ሥራው ካለቀ በኋላ መውጫውን ሞከርኩት። ይዘቱን ኤክስፖርት አድርጌ ባዶ የሙከራ ዌብሳይት ላይ አስገባሁ። ጽሑፉ ሁሉ መጣ። ፎቶዎቹ ግን በፋይሉ ውስጥ የሉም፤ ያለው አድራሻቸው ብቻ ነው። አዲሱ ዌብሳይት የሚያመጣቸው ከአሮጌው ላይ ነው፣ ያውም አሮጌው ገና ካልተዘጋ። ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ፎቶ ለብቻው አስቀመጥኩ፤ አሁን በየወሩ መጨረሻ ባልደረባዬ ሁለቱንም ታወርዳለች።