ሙሉ ጨረቃ በወጣበት ቀን የተያዘው ጉዞ

አስጎብኚ ቢሮው ቀኑን የመረጠው የሆቴሉ ዋጋ በረከሰበት ሳምንት ነበር። ጠዋት ሚሪሳ ላይ ዋና፣ እኩለ ቀን ላይ ዲክዌላ ያለውን የዌውሩካናላ የቡድሂስት መቅደስ ማየት፣ ማታ ባሕር ዳር ዓሣና ቢራ። ወረቀቱ ላይ እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን ቦታው የስሪ ላንካ ደቡብ ጠረፍ፣ ወሩ ሰኔ፣ ዕለቱም ሙሉ ጨረቃ የሚወጣበት፣ ፖያ የሚባለው የቡድሂስቶች በዓል ነበር። 14ቱ መንገደኞች ከሦስቱ አንዱንም እንደታሰበው አላገኙም።

ጠዋት ሚሪሳ ላይ መዋኘት የሚከለክለው ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። ከግንቦት እስከ መስከረም ገደማ ሞንሱን የሚባለው ወቅታዊ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ በዚህ ጠረፍ ላይ ይነፍሳል፤ የሆቴሉ ዋጋ የረከሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ሰማዩ ጠርቶ የለም እንዴ?» ብለው የተከራከሩ ነበሩ። ማዕበሉን የሚገፋው ግን ከሩቅ ባሕር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሆነ የሰማዩ መጥራት ዋስትና አይሆንም። ይባስ ብሎ ሰው ለመዋኘት የሚመርጠው ማዕበል የማይሰበርበትን ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ ዳር የደረሰው ውኃ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚያው በኩል ነው። ውኃው የወሰደው ሰው ቀጥታ ወደ ዳር ከታገለ ጉልበቱን ይጨርሳል። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ትይዩ ዋኝቶ ከጉተታው ሲወጣ ነው መመለስ ያለበት። ሹፌሩ ቡድኑን ማታራ አጠገብ ወዳለው ፖልሄና ወሰደው፤ እዚያ ከውኃው በታች ያለው የኮራል ሪፍ (የዛጎል ድንጋይ ግድብ) የማዕበሉን ጉልበት ስለሚሰብረው እግር መንከር ተቻለ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው መቅደሱ ላይ ነው። 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የተቀመጠ ቡድሃ ሐውልት ያለበት ግቢ፣ ነጭ በለበሱ ምእመናን እንደ ጥምቀት አደባባይ ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ከባሕር በቀጥታ ስለመጡ ስድስቱ በቁምጣና በእጅ አልባ ልብስ ነበሩ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ስለሆነ ሳሮንግ (ወገብ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ) ፍለጋ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ጫማ ማውለቁ ለሐበሻ አዲስ አይደለም፤ ባርኔጣም እንደሚወልቅ ግን ነጠላ መከናነብ የለመደ ሰው ላያስበው ይችላል። በስድስት ሰዓት ፀሐይ የጋለው የድንጋይ ወለል ደግሞ ባዶ እግር ያቃጥላል። ካልሲ የያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ።

አንዱ ጀርባውን ለሐውልቱ ሰጥቶ ሰልፊ ሊያነሳ ሲል አስጎብኚው እጁን ያዘው። ይሄ ተራ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሦስት ፈረንሳውያን የቡድሃን ሐውልት ሲስሙ የተነሱት ፎቶ ጋል ከተማ ፍርድ ቤት አድርሷቸው የስድስት ወር የገደብ እስራት ተፈርዶባቸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክንዷ ላይ የቡድሃ ንቅሳት የነበራት እንግሊዛዊት ከአገር ተባርራለች። ንቅሳት ያለው መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት መጠየቅና መሸፈን አለበት።

ማታ ቢራ የለም። በፖያ ቀን የመጠጥ ሽያጭ በመላ አገሪቱ ክልክል ነው፤ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። የቢሮው ሰው ከአስተናጋጁ ጋር ተከራክሮ ያተረፈው ነገር የለም።

ቢሮው አሁን ሥራውን የሚጀምረው ከፖያ ሰሌዳ ነው። በጨረቃ ስለሚቆጠር የአምናው ቀን ዘንድሮ አይሠራም፤ በዓመት 12፣ አንዳንዴም 13 ጊዜ ይውላል። ደቡቡን ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይሸጣል፤ የክረምት መንገደኛ ከመጣ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ፣ ወደ ትሪንኮማሊ ያዞረዋል። መቅደስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ባሕር ከዚያ በኋላ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ አለበት። የሻንጣው ዝርዝር ላይ ሁለት ነገር ተጨምሯል፦ ሳሮንግና ወፍራም ነጭ ካልሲ። ቢራ የሚፈልግ በዋዜማው ገዝቶ ክፍሉ ውስጥ ያስቀምጣል።