ሽሮሜዳን ትቼ ጃንሜዳን ስይዝ

የ67 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ። «ጨጓራዬ ነው» እያልኩ ለሳምንታት በተልባ ሳስታምመው የቆየሁት የደረት ማቃጠል የልብ ደም ሥር መጥበብ ሆኖ ተገኘና ስቴንት (የጠበበውን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ገባልኝ። ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ጋር የእግር ጉዞ ቢያዝልኝም፣ ልጆቼ ውኃ እንኳ ተነሥቼ እንዳልቀዳ ከልክለውኝ ስለነበር ወር ያህል ከአልጋና ከሶፋ ሳልርቅ ከረምኩ። በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ በኮሪደሩ ላይ ለ6 ደቂቃ እንድመላለስ አድርጋ ርቀቱን ስትለካ፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ 290 ሜትር ብቻ ሄድኩ።

የተሰጠኝ ፕሮግራም ቀላል ነበር፤ 5 ደቂቃ ቀስ ብሎ ማሟሟቅ፣ 10 ደቂቃ ፈጠን ያለ ጉዞ፣ 5 ደቂቃ እያቀዘቀዙ መጨረስ፣ በሳምንት አምስት ቀን። እኔ ግን በዚህ አልረካሁም። ልጄ ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የሚለውን የልብ ምት ቀመር ከስልኩ አውጥቶ ሲያሰላልኝ ከፍተኛው የልብ ምቴ በደቂቃ 153 መጣ፤ የዚያም 70 በመቶ 107 ገደማ ስለሆነ፣ የልብ ምቴን እዚያ ለማድረስ በሦስተኛው ሳምንት ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮሜዳ ዳገቱን ተያያዝኩት። ትንፋሼ ተቆራርጦ ላቤ እየወረደ እንኳ ምቴ ከ94 አላለፈም። ተናድጄ ድንገት ቀጥ ብዬ ስቆም ዓይኔ ጨለመብኝ፤ የአንድ ግቢ አጥር ይዤ ባልደገፍ ኖሮ እወድቅ ነበር።

ይህን ስነግራት ፊዚዮቴራፒስቷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ የሚወስዱት የልብ መድኃኒት፣ ሜቶፕሮሎል፣ እኮ የልብ ምትዎን እንዳይፈጥን ይይዘዋል፤ ያ ቀመር ለእርስዎ አይሠራም» አለችኝ። ስንራመድ የእግር ጡንቻ ደምን ወደ ልብ እየገፋ እንደሚመልስና በድንገት ሲቆም ደሙ እግር ላይ ስለሚቀር ራስ እንደሚዞር፣ እኔ እንደ ትርፍ ነገር እዘለው የነበረው የመጨረሻው 5 ደቂቃም ለዚህ እንደተጨመረ ያስረዳችኝ ያን ዕለት ነው። በምት ፈንታ ከ6 እስከ 20 የሚቆጠረውን የቦርግ የድካም መለኪያ ሰጠችኝና ከ11 እስከ 13 ባለው ውስጥ፣ ማለትም ከቀላል እስከ ትንሽ ከበድ በሚል ድካም ላይ፣ እንድቆይ መከረችኝ። እኔ በበኩሌ አንድ ዘዴ ጨመርኩበት፤ እየሄድኩ «አባታችን ሆይ»ን በለሆሳስ እደግማለሁ፣ ጸሎቱ መሐል ላይ ትንፋሼ ከተቆረጠ እርምጃዬን እቀንሳለሁ።

ዳገቱን ትቼ ሜዳውን፣ ጃንሜዳን፣ ያዝኩ። ብርዱ ደረቴን ስለሚይዘኝ ንጋትን ትቼ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ፤ ቁርስና መድኃኒት ቀደም ብሎ ስለሚያስፈልገኝም በዐቢይ ጾም ከንስሐ አባቴ ፈቃድ ወሰድኩ። ከምላስ ሥር የሚቀመጠው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ከኪሴ አይለይም፤ ደረቴን ካጨነቀኝ ቁጭ ብዬ እንድወስደውና በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለኝ ሳልዘገይ ወደ ሆስፒታል እንድሄድ ተነግሮኛል። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ ወዲያው በወጣሁ ቀን፣ አስፈልጎኛል።

ጉዞውን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ እየጨመርኩ በሦስተኛው ወር 30 ደቂቃ ደረስኩ። በዚያው ኮሪደር የ6 ደቂቃው ልኬት ሲደገም ሳልቆም 385 ሜትር ሄድኩ። ሽሮሜዳ ጉዳይ ሲኖረኝ ግን አሁንም በታክሲ ወጥቼ ቁልቁለቱን በእግሬ እመለሳለሁ።