አሥራ አራት ሳንቲም

ይህን ነገር ልጽፈው ሐሳቡም አልነበረኝም። የሥራ ባልደረባዬ ግን ላለፉት ሁለት ዓመታት ለገባው ለወጣው ደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል። በየጊዜው እየጨመረበት፣ አሁን እኔ የሰው ጊታር በመዶሻ የቀጠቀጥኩ መስያለሁ። ስለዚህ ከባለቤቱ ስሙት።

የምሠራው አሜሪካ፣ ናሽቪል ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ቤት። አዲስ አበባ ሳለሁ ቀን ቀን ኪቦርድና አምፕሊፋየር እጠግን ነበር። ማታ ደግሞ አንድ የባህል ምሽት ቤት ኪቦርድ እጫወታለሁ። ይህቺን የማታዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ሣጥናቸውን እኔና ባልደረባዬ ከመኪናቸው ተጋግዘን አወረድነው። ፔዳል ስቲል ነው፣ ፔዳል እየረገጡ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር። እሱን ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ጊታር ሲባል በትከሻ የሚንጠለጠል ነገር ይመስለዋል። ይሄኛው እግር ያለው ጠረጴዛ ነው። ሁለት አንገት፣ ሃያ ክር፣ ከሥሩ የብረት ዘንግ ጫካ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ባልደረባዬ ትንፋሹን ሳበ። ኤሞንስ ነው። ፑሽ ፑል። ያውም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት።

ባዲ ኤሞንስ ማለት በዚህ መሣሪያ ሰዎች ዘንድ ስሙ ሲነሳ ድምፅ ዝቅ የሚደረግለት ሰው ነው። መጀመሪያ ከሾት ጃክሰን ጋር ሆኖ ሾባድ የተባለውን የስቲል ጊታር መሥሪያ ቤት መሠረተ። ሾባድ የሁለቱ ስም ቁራጭ ነው። በፈረንጆቹ 1963 ተለይቶ ወጣና ከሮን ላሽሊ ጋር የራሱን ስም የያዘውን ጀመረ። ኖርዝ ካሮላይና፣ በርሊንግተን ውስጥ በእጅ ይሠሩት ነበር። ክሩ የሚያርፍባት ትንሽ ብረት “ጣት” ትባላለች። ፔዳል ሲረገጥ ወይ ትጎተታለች ወይ ትገፋለች፣ ፑሽ ፑል የተባለውም ለዚህ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ ጣቷ ከማይነቃነቅ ብረት ጋር ጥብቅ ብላ ትቀመጣለች። “ድምፁን ድምፅ ያደረገው ይሄ ነው” ይላሉ ተጫዋቾቹ። እኔ በበኩሌ የማውቀው ሲቃኙት እንደሚያስለቅስ ነው።

ሽማግሌው የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር። 3ኛው ክር ተበጥሷል። ቀጭኑ እሱ ነው፣ ሁሌም የሚበጠሰው እሱ ነው። ክሩ በሙሉ ይቀየር፣ ይጽዳ፣ ይቃኝ። ሐሙስ እመጣለሁ ብለው ሄዱ።

ወሬው እንዴት እንደወጣ አላውቅም። (አውቃለሁ፣ ባልደረባዬ ነው።) እኩለ ቀን ሳይሆን ሁለት ሰዎች “ክር ልንገዛ ነው” ብለው ገቡ። ማታ ብሮድዌይ ላይ፣ የናሽቪል የሙዚቃ ቤቶች ጎዳና ላይ፣ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ክር አልገዙም። አንደኛው ቀጥ ብሎ መጥቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ጊታሩን ከሥር አየው። የዚህ መሣሪያ ሰዎች እንዲህ ናቸው። ላዩ ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ ግድ የላቸውም። ሙሽራ ለማየት መጥቶ ጓዳ እንደሚገባ ሰው፣ ቀጥታ ወደ ሆድ ዕቃው ነው።

“አንድ ፔዳል ብቻ ልርገጥ?” አለኝ።

“ሦስተኛው ክር የለም እኮ።”

“ግድ የለም። ልርገጠው ብቻ።”

ረገጠው። ዓይኑን ጨፈነ። ድምፅ የለም፣ ምንም የለም፣ ብረት ጭ... ብሎ ሲመለስ ብቻ ነው የሚሰማው። “ሰማኸው?” አለው ጓደኛውን። ጓደኛው በኀዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ሳይከፍሉ ሄዱ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል ዳር ዳሩ የተቦጫጨቀ ካርቶን ተለጥፏል። በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አለበት። 3ኛ ክር፣ ከዜሮ በታች 14። 6ኛ ክር፣ ከዜሮ በታች 14። ከሥሩ የፔዳሎቹ፣ የጉልበት መግፊያዎቹ፣ ሌላም ሌላም።

እኔ ምን መሰለኝ? ጊታሩ የት የት እንደተበላሸ የሚናገር ዝርዝር። ሽማግሌው ቤታቸው ቁጭ ብለው በቱነር፣ በቅኝት መለኪያው፣ ለክተው፣ የጎደለውን ሁሉ የመዘገቡት። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ደንበኛ ነው አልኩ በልቤ። ሁሉም ሰው እንዲህ ጽፎ ቢመጣልን!

ባልደረባዬ በቡና ኩባያው ላይ አሻግሮ አየኝ።

“ካርቶኑን አየኸው?”

“አየሁት። ሁሉንም አስተካክለዋለሁ።”

ዝም አለ። ፉት አለ። ከዚያ “ጥሩ” አለ።

ይህቺ “ጥሩ” እስከ ዛሬ ጨጓራዬ ውስጥ አለች። አሥራ አምስት ዓመት ስቲል ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመር እኔ ግማሽ ቀን አተርፍ ነበር። እሱ ግን ጥሩ ብሎ ሁለተኛ ቡና ሊቀዳ ሄደ።

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ፑሽ ፑል አንዷን ስትነካው ሌላዋ ትንቀሳቀሳለች። እሷን ስትመልስ የመጀመሪያዋ ታኮርፋለች። እኔም እልኸኛ ነኝ። አንድ ግማሽ ድምፅ መቶ ቦታ ይከፈላል፣ አንዷን ክፍል ፈረንጆቹ ሴንት ይሏታል። እኔ ሳንቲም እላታለሁ። ማታ ላይ አንዲት ሳንቲም የጎደለበት ክር አልነበረም። ምንም ያልተረገጠበት ክፍቱ ክርም፣ ፔዳሉም፣ ጉልበቱም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ቱነሩን ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ፣ ለማንም አላሳይም።

ሐሙስ ሽማግሌው መጡ። ተቀመጡ። የጣት መምቻዎቻቸውን አንድ በአንድ አጠለቁ። ክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት ገና አላነሱም፣ 4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ ክሮችን ብቻ አንድ ላይ መቱ። ኢ ሜጀር፣ ሦስት ድምፅ ባንድ ላይ የሚጮኽበት ኮርድ። የመጀመሪያ ቀን ተማሪ የሚመታው ነገር ነው።

ዝም አሉ። ደግመው መቱ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ ይሄ ጊታር ምን በደለህ?”

(የደቡብ ሰዎች ልክ እንደኛ ልጄ ይላሉ። ሲቆጡ ደግሞ ይበልጥ ይላሉ።)

“ጌታዬ፣ ሁሉም ዜሮ ላይ ነው። ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።”

“እሱማ ይሰማል። ካርቶኑን አላየኸውም?”

“አይቼዋለሁ። በእሱ ነው የሠራሁት።”

“ምን መስሎህ?”

“የተበላሸው ዝርዝር።”

ከኋላዬ ባልደረባዬ ቡናው ትን አለው። እውነቴን ነው፣ ሲስል አምስት ደቂቃ ቆየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስገባ ሰላም የሚለኝ “የተበላሸው ዝርዝር!” ብሎ ነው።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ይሄ ነው የሚገርመኝ። ወንበር ጎትተው “ና እዚህ ቁጭ በል” አሉኝ። 4ኛውንና 6ኛውን አንድ ላይ መቱና “ስማ” አሉ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ሰማሁት። ሁለቱ ድምፆች መሐል ዋው ዋው ዋው የሚል ማዕበል አለ፣ ፈጠን ያለ። የ6ኛውን መዘውር በጣታቸው ጫፍ ትንሽ አላሉት። ማዕበሉ ዘገየ። ዋው... ዋው። ደግመው ነካ አደረጉት። ዋ...ው። ከዚያ ቆመ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። ጀበና ውስጥ ቡናው ሲሰክን ታውቁ የለ? ድምፁ ሰከነ።

ቱነሩን አየሁት። ከዜሮ በታች 14።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፒያኖ ቅኝት በሁሉም ቁልፍ መጫወት እንዲቻል ተብሎ ሁሉንም ድምፅ ትንሽ ትንሽ ያጎረበጠ ስምምነት ነው። ከሁሉ ይበልጥ የተጎዳው ሦስተኛው ድምፅ ነው፣ ክሩን ማለቴ አይደለም፣ ዶ ሬ ሚ ሲባል ሚ የሚባለውን ነው። ከተፈጥሮው ወደ 14 ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ ይኖራል። ተራው ጊታር አንገቱ ላይ በተተከሉት ብረቶች፣ በፍሬቱ፣ ታስሯልና ምርጫ የለውም። ስቲል ግን ፍሬት የለውም፣ እጅና ጆሮ ነው። ድምፁ ደግሞ ረጅም ነው፣ ኮርዱ አየር ላይ ይቆማል። የቆመ ነገር ላይ ደግሞ መንቀጥቀጥ ያስጠላል።

እኔ ግን የቆምኩት ሌላ ቦታ ነበር። አዲስ አበባ፣ ያ ምሽት ቤት። አንድ መሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። አንቺ ሆዬ ሲጀምሩ ከኔ ኪቦርድ ጋር ፈጽሞ አይገጥሙም። እኔም ከጎናቸው ሆኜ “ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ያድርጓት፣ ወርዳለች” እላለሁ። በየማታው። ያኔም ቱነር ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ቤቱ ጢም ባለበት ወደ እኔ ዞር ብለው እንዲህ አወረዱት፦

መብራት ሲሄድ የሚሞት ሣጥን ይዞ መጥቶ፣
ቅኝት ላስተምር አለ ጆሮውን ቤት ትቶ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለአንድ ወር አኮረፍኳቸው። እንግዲህ አስቡት፣ ያንን ስንኝ ጠግቤ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ ያንኑ ሥራ በሌላ ሽማግሌ ላይ ደገምኩት። ለባልደረባዬ ይህን አልነገርኩትም። ቢሰማ ግጥሙን አስተርጉሞ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

የቀረውን ቀን አብረን ቃኘነው። ክፍቱ ክር ሲወርድ የፔዳሉ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሽማግሌው ይመታሉ፣ እኔ ከሥር ተኝቼ ብሎን አዞራለሁ። “ትንሽ። ትንሽ። ኧረ በዛ። መልሰው።” በመሐል ጨዋታ ያመጣሉ። በ1954 የዘፋኙ ዌብ ፒርስ “ስሎውሊ” በሬዲዮ ሲወጣ ልጅ ነበሩ። ስቲሉን የተጫወተው ባድ አይዛክስ ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ሲረግጠው፣ ኮርዱ እዚያው ቅርጹን ሲለውጥ፣ አባታቸውና ታላቅ ወንድማቸው ሁለት ጊታር ነው አንድ ጊታር ነው ብለው ሊጣሉ ደረሱ። የአይዛክስ ጊታር ቢግስቢ ነበር። ፖል ቢግስቢ ካሊፎርኒያ፣ ዳውኒ ውስጥ በእጁ እየሠራ ተጫዋቾችን ወረፋ የሚያስጠብቅ የሞተር ሳይክል ሰው ነው። ለስቲል ተጫዋቹ ስፒዲ ዌስት ፔዳል ያለው ጊታር የሠራለት በ1948 ነው። “እኔ ቢግስቢ ነክቼ አላውቅም” አሉኝ ሽማግሌው። “አንድ ጊዜ በመስታወት አይቻለሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ።”

ከወለሉ ላይ ሆኜ ያን ፔዳሉን የረገጠውን ልጅ አስታወስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ድምፅ የሌለው ብረት ሲሰማ። ያን ዕለት እንደሳቅኩበት አልሳቅኩም። ትንሽ ግን ሳቅኩ።

ሲመሽ ጨረስን። ሽማግሌው ብረታቸውን አንስተው አንድ ዜማ ተጫወቱ። እስኪጨርሱ እዚያው ወለሉ ላይ ነበርኩ። መነሳት አላሰኘኝም። አለቃዬ ለሁለተኛው ቅኝት ልናስከፍላቸው አይገባም ብሎ ነበር። እሳቸው ግን ከፈሉ። ለእኔ ደግሞ ለብቻ ጠቅልለው ኪሴ ከተቱልኝ። ቤት ስደርስ ቆጠርኩት። 14 ዶላር። ሆን ብለው ይሁን አይሁን አልጠየቅኳቸውም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለባልደረባዬ ደስ ይለው ነበር። እሱ ሲያወራው እዚህ ነው የሚያቆመው።

ባዲ ኤሞንስ ራሱ በኋለኛው ዕድሜው ቀጥ አድርጎ ዜሮ ላይ ይቃኝ ነበር። አዎ፣ ስሙ ጊታሩ ላይ የተጻፈው ሰውዬ። ይህን ሳውቅ ሮጬ ለሽማግሌው ደወልኩላቸው። ትንሽ ዝም አሉና “ኤሞንስ ከሆንክ እንደፈለግህ ቃኝ” አሉኝ። ስልኩን ዘጉት።

ባለፈው ክረምት ታዲያ አንድ ወጣት ሌላ ስቲል አምጥቶ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አጭር ወረቀት አለ፦ “ሁሉም ዜሮ።” ያኔ ተረኛው ባልደረባዬ ነው። አንብቦት ፈገግ አለ።

“እነዚህ ልጆች ጆሮ የላቸውም” አለኝ። “በትክክለኛው ልቃኝለት። ሲሰማው ያመሰግነኛል።”

ወረቀቱን አየሁት። እሱን አየሁት። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነበር።

“ጥሩ” አልኩት፣ ቡናዬንም ፉት አልኩ።