በርሜል እንዲህ ይዘፍናል እንዴ?

አባቴ በርሜል እየቀጠቀጠ ነው ያሳደገን። ደሴ ውስጥ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ። ባዶ የነዳጅ በርሜል ይገዛል፤ ታችና ላዩን በመሮ ቆርጦ ያወጣል፤ ወገቡን ሰንጥቆ ይዘረጋውና በመዶሻ ያቃናዋል። ከዚያ በር ይሆናል፣ ምድጃ ይሆናል። እኔና ታላቅ እህቴ ቅዳሜ ጠዋት ትራስ ጆሯችን ላይ ጭነን ነበር የምንተኛው። ያን ድምፅ እንደዚያ እየጠላሁት ነው ያደግኩት።

ባለፈው ነሐሴ እህቴ ጋ ለንደን ሄድኩ። እሷ ከገባች 11 ዓመቷ ነው። «ኖቲንግ ሂል ካርኒቫልን ሳታዪ አትመለሺም» አለችኝ። የካሪቢያን ሰዎች የጀመሩት የመንገድ በዓል ነው፤ በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ፣ እሁድና ሰኞ ነው የሚውለው። እሁድ የልጆች ቀን ነው፣ ሰኞ ዋናው። በሁለቱ ቀን ከሚሊዮን በላይ ሰው ይወጣል። እኔ ከቴሌቪዥን የማውቀው ላባና ጭፈራውን ብቻ ነበር።

ከባቡር ወርደን ስንወጣ መጀመሪያ ያየሁት ጭፈራ አይደለም። ሱቆቹ በሙሉ በኮምፔንሳቶ ተደፍነዋል። የቤቶቹም መስኮት እንደዚያው። ሕዝቡ ሲገፋፋ መስታወት እንዳይሰበር ነው። እኔ ግን ደሴ ናት ትዝ ያለችኝ፤ የ2014 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሰው ሱቁን ዘግቶ ልጁን አዝሎ የወጣበት ቀን። እግሬ ቀጥ አለ። እህቴ ገባት መሰለኝ፣ ምንም ሳትል እጄን ያዘችኝ።

ሰዓቱ ሲገፋ ግን መንገዱ ሞላ። የላባ ክንፍ የተሸከሙ ሴቶች፣ አባታቸው ትከሻ ላይ የተቀመጡ ልጆች፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ሳውንድ ሲስተም። በየጥጉ ጢስ አለ። ዶሮ በቅመም ይጠበሳል። ምድጃውን ጠጋ ብዬ ሳየው በርሜል ነው! ቁመቱን ሰንጥቀው፣ ማጠፊያ አድርገውለት፣ እግር በይደውለታል። የአባቴ ሥራ ነው እኮ። ዶሮውን ረስቼ ብየዳውን ሳይ እህቴ ጎተተችኝ።

ከዚያ ስቲልፓን የሚሉት የሙዚቃ መሣሪያ መጣ።

ጎማ ባለው የብረት መደብ ላይ ተደርድሮ፣ ሰው እየገፋው። ከሩቅ ስሰማው ደወል መሰለኝ፣ ከዚያ ደግሞ ውሃ። ቆም ሲሉ አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ሴት አጠገብ ደረስኩ። ፊታቸው ያለው የበርሜል ቂጥ ነው። አባቴ ቆርጦ የሚጥለው! በመዶሻ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። ውስጡ ሞላላ ሞላላ ቅርጾች አሉ፤ ዳር ዳሩን ትልልቆቹ፣ መሃል ላይ ትንንሾቹ። ትልቁ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ትንሹ ቀጭን። ብረቱ ላይ የመዶሻው ጠባሳ ይታያል። ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ጫፉ ጎማ በተጠቀለለበት ዱላ ነካ ነካ ነው የሚያደርጉት፣ አይመቱትም። ቤዙን የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በርሜል ተከቦ ቆሟል።

ይህ መሣሪያ የተሠራው ትሪኒዳድ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ነው። በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ገዢዎች በባርነት የነበሩት ሰዎች ልጆች ከበሮ እንዳይመቱ በሕግ ከለከሏቸው። ሰዎቹ ቀርከሃ እየቆረጡ መሬት ላይ መውቃት ጀመሩ። ከዚያ የብስኩት ጣሳ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ በመጨረሻ በ1930ዎቹና 40ዎቹ በርሜል። ትሪኒዳድ ነዳጅ የሚወጣባት አገር ስለሆነች በርሜል ሞልቷል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።)

የለንደኑ ካርኒቫል ደግሞ የተጀመረው በሐዘን ነው። በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ወጣቶች የካሪቢያን ሰዎችን እያሳደዱ ደበደቡ። ክላውዲያ ጆንስ የምትባል ትሪኒዳድ የተወለደች ጋዜጠኛ በጥር 1959 ካርኒቫል አዘጋጀች። ጥር እዚያ ብርድ ስለሆነ አዳራሽ ውስጥ። በዚያው ዓመት ግንቦት ኬልሶ ኮክሬን የሚባል ከአንቲጓ የመጣ አናጺ መንገድ ላይ ተወግቶ ተገደለ። እስከ ዛሬ የተፈረደበት ሰው የለም። በ1966 ራውን ላስሌት የምትባል የሰፈሩ ሴት የመንገድ በዓል አዘጋጀች። ራስል ሄንደርሰንና ጓደኞቹ ፓናቸውን አንግተው መንገድ ላይ ሲወጡ ሰው ተከተላቸው። ያ መከተል ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው። በዚያው ዓመት ጃንሆይ ጃማይካ ሄደው ነበር። ለዚህ ይሆናል መሰለኝ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያልያዘ ጥግ አላየሁም። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ሰምተው አገላብጠው ሳሙን።

ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ጸጥ አለ። የሆነ ነገር የተበላሸ መሰለኝ። እህቴ በጆሮዬ «ለግሬንፌል ነው» አለችኝ። እዚያው ቅርብ ያለው ፎቅ በፈረንጅ ሰኔ 2017 ተቃጥሎ 72 ሰው ሞቷል፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆችም ነበሩበት። ስለዚህ 72 ሰከንድ ዝም ይባላል። ያ ሁሉ ሰው! ላብ በጉንጩ የሚወርድ፣ ላባው የሚንቀጠቀጥ፣ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። የዶሮው ስብ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ሴትዮዋ ዱላቸውን ፓኑ ላይ አጋድመው አንገታቸውን ደፍተዋል። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የእነሱንም የኛንም አብሬ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ አንድ ሰው ፊሽካ ነፋ። ሴትዮዋም ዱላቸውን አነሱ።

ደሴ ስመለስ ቪዲዮውን ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሦስት ጊዜ አየው። ስለ ላባው ምንም አላለኝም።

«በርሜል እንዲህ ይዘፍናል እንዴ?» አለ። ቀጥሎ «ታቹን አይቆርጡትም ማለት ነው?»

«አይቆርጡትም አባዬ። ታቹ ነው የሚዘፍነው።»

ዝም አለ። ከዚያ «ይሄን ሁሉ ዘመን ስጥለው ኖርኩ በይኛ» አለኝ።

በማግስቱ ጓሮ ከተቆለሉት ቂጦች አንዱን አወጣ። እሳት አሳየው፣ በትንሿ መዶሻ ይነካዋል፣ ጆሮውን ይደቅናል፣ እንደገና ይነካዋል። እናቴ ቡና ደርሷል ብላ ሁለቴ ጠራችው። ይኸው ወር ሊሞላው ነው፣ ከሥራ ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ እዚያ ነው የሚሄደው። አሁንም ይሰማኛል። ሦስት ድምፅ አግኝቷል። ለአምባሰል ሁለት ይቀሩታል።